እጓለ ማውታ ከማለታችን በፊት፦ ከዛፍ ለወደቀ የሽኮኮ ግልገል ስለሚደረግ ርዳታ



ዛሬ ማታ በዚህ ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ በየዕለቱ በዜና ከምንሰማቸው ትላልቅ የዓለም ጉዳዮች አጠገብ ቢያቆሙት እጅግ ያነሰ፣ ክብደቱም በግራም የሚለካ ነው፤ ይኸውም በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን በመሳሰሉ ወገኖቻችን በብዛት በሰፈሩባቸው ሥፍራዎች፣ ከደጃችን ዛፍ ሥር ወድቆ ወይም በድመት ተነክሶ ስለምናገኘው የሽኮኮ ግልገል ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በመዳፉ ይዞ የቆመ ሰው ልቡ ርኅሩኅ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም፤ እኔ ግን ላስረዳ የምሻው፣ ርኅራኄ ዕውቀት ካልቀደመው የሚራራለትን ራሱን ሊገድል እንደሚችል ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በመጻሕፍተ ብሉያት ሽኮኮ ተብሎ የተጠቀሰው፣ በአገራችንም ገደል ለገደል ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው፣ ጅራት የሌለው የቋጥኝ ነዋሪ ነው፤ በዚህ በአሜሪካ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘለውን ጅራተ ጎፈሬ ግራጫ እንስሳ ግን ስደተኛው ሕዝባችን አዲስ ስም ሳይፈልግለት ያንኑ የአገር ቤቱን ስም አልብሶታል። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም፤ የቋጥኙ ሽኮኮ ከዝሆን ወገን ጋር ሲቀራረብ፣ የዛፉ ሽኮኮ የአይጥ ወገን ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ተስማምቶታልና እኛም በዚሁ እንጠራዋለን። ይህ እንስሳ በከተማ መካከል የሚኖረውም በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1847 በፊላደልፊያ ከተማ ፍራንክሊን በተባለው አደባባይ ሦስት ሽኮኮዎች ለሕዝብ መደሰቻ እንዲሆኑ ሲለቀቁ፣ ሌሎች ከተሞችም ኋላ ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። በዋሽንግተን የምናያቸው ጥቋቁሮቹ ሽኮኮዎች ደግሞ፣ በ1902 እና በ1906 ከካናዳ ከኦንታሪዮ መጥተው በብሔራዊው የአራዊት መጠበቂያ ከተለቀቁት አሥራ ስምንት ሽኮኮዎች የሚወለዱ ናቸው፤ ስለዚህ እነርሱም እንደ እኛው መጤዎች ናቸው ማለት ነው። ሰው በገዛ እጁ አምጥቶ ጎረቤቱ ያደረገው ፍጥረት በደጁ ሲወድቅ፣ አላየሁም ብሎ ማለፍ አይገባውም።

ነገሩን የተማርሁት በጥፋቴ ነውና አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመጋቢት ወር በአንድ ብርዳማ ማለዳ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አዛውንት እናት በሬን አንኳኩ፤ ስከፍትላቸው የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው እንደ ጽዋ አድርገው ይዘዋል። «ልጄ፣ እስቲ ይችን እይልኝ፤ እናቷ ሞታባት ነው መሰለኝ፣ ከዛፉ ሥር ወድቃ አገኘኋት» አሉኝ። ነጠላውን ገለጥ ባደርገው፣ ቆዳዋ ሥጋ የመሰለ፣ ፀጉር ያላበቀለች፣ ዓይኗ ያልተገለጠ፣ ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማትበልጥ ፍጥረት ተጠቅልላለች፤ ስነካት እንደ ጠጠር ቀዘቀዘችኝ። እኔም ጊዜ ሳላጠፋ ወተት አሞቅሁና በሻይ ማንኪያ ጫፍ ወደ አፏ አንጠባጠብሁላት። ጥቂት እንደ ዋጠች በአፍንጫዋ ቀዳዳ ነጭ አረፋ ብቅ አለ፤ ጠረግሁላትና ደግሜ ሰጠኋት። ማታ ትንፋሿ ሲር ሲር ይል ጀመር፤ ሲነጋ ሞታ አገኘናት። እማማ ሊያጽናኑኝ ፈልገው «ቀኗ ደርሶ ነው» ቢሉኝም፣ ነገሩ ስላልተዋጠልኝ የዱር እንስሳትን ለማከም ፈቃድ ላላት አንዲት ባለሙያ ስልክ ደወልሁ፤ እርሷም ሳትቆጣ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሰውነቷን አሙቀህላት ነበር ወይ? እናቷ እንድትመጣ ጠብቀሃል ወይ? ምን አበላሃት? በሦስቱም ጥያቄዎች ወደቅሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁትን ግን የሚለቀም አላደረገልኝም።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ተከትሎ የሚሄድ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቃል እናስተውል። በግእዝ ወላጅ የሌለው ልጅ «እጓለ ማውታ» ይባላል፤ እጓል ማለት ልጅ፣ ግልገል፣ ጫጩት ማለት ሲሆን፣ «እጓለ አንበሳ» ስንል የአንበሳ ደቦልን ማለታችን እንደ ሆነ፣ «እጓለ ማውታ» ስንልም እናቱ የሞተችበትን ማለታችን ነው። ቃሉ ራሱ የሞት ምስክር ይሻል። እኛ ግን ከዛፍ የወደቀ ግልገል ባየን ቁጥር ምስክር ሳንጠይቅ እናቱን በአንደበታችን እንገድልበታለን፤ እርሷ ግን ብዙውን ጊዜ ከበላያችን ባለው ቅርንጫፍ ላይ ሆና እስክንሄድላት ትጠብቃለች።

ወደ ሥራው እንግባ። ግልገሉን ሳናነሣ በፊት ጓንት እንልበስ፤ ጓንት ባይኖር ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከዚያም ጉዳት እንዳለበትና እንደሌለበት እንመርምር። ከአፍንጫው ደም ከፈሰሰ፣ እግሩ ከተሰበረ ወይም ከተንጠለጠለ፣ ራሱ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ትንፋሹ በጭንቅ ከሆነ፣ ያ ግልገል ለእናቱ የሚመለስ ሳይሆን በቶሎ ወደ ባለሙያ የሚወሰድ ነው። በፀጉሩ መካከል ወይም በዓይኑና በጆሮው ዙሪያ የሩዝ ፍሬ ያከሉ ነጫጭ ነገሮች ተለጥፈው ብናይ፣ የዝንብ እንቁላል ናቸውና በሰዓታት ውስጥ ተፈልፍለው ትል ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ይህም አይዘገይበትም። ከሁሉ ይልቅ ግን ድመት የያዘችውን ግልገል እንጠንቀቅለት፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢሆን፣ እንዲያውም ምንም ቁስል ባይታይ እንኳ፣ በድመት አፍ ውስጥ ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ ስለሚገኝ፣ መድኃኒት በቶሎ ካላገኘ ደሙ ተመርዞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። «ድመቷ ጫረችው እንጂ አልነከሰችውም» የሚለው ቃል ለብዙ ግልገሎች የመቃብር ጽሑፍ ሆኗል።

ጉዳት የሌለበት ከሆነ ዕድሜውን እንገምት፤ ምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረን ዕድሜው ነውና። ግራጫዋ ሽኮኮ አርባ አራት ቀን ያህል አርግዛ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሁለተኛም በሐምሌና በነሐሴ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜም ከሁለት እስከ አራት ግልገሎች ይወለዳሉ። በተወለደ ዕለት ከ13 እስከ 18 ግራም የሚመዝን፣ ራቁቱን የሆነ፣ ዓይኑም ጆሮውም የተዘጋ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግድም ግራጫ ፀጉር ይወጣዋል፣ የታች ጥርሱም ብቅ ይላል፤ ከአራተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ዓይኑ ይገለጣል፤ በስምንተኛው ሳምንት ጅራቱ ጎፍሮ በጀርባው ላይ ይታጠፋል። ከአሥር ሳምንት በላይ የሆነው፣ ጅራቱ የጎፈረና ሰው ሲቀርበው ወደ ዛፍ የሚሸሸው፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ራሱን የቻለ ስለሆነ እንተወው። ነገር ግን ዓይኑ ተገልጦ ሳለ ሰውን ሳይፈራ የሚከተል፣ በእግራችን ላይ ሊወጣ የሚሞክር ግልገል ቢገጥመን፣ ይህ ልማድ ሳይሆን ረኃብ ነው፤ እርሱ በእውነት እጓለ ማውታ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ ሙቀት እንመለስ። ፀጉር የሌለው ግልገል የገዛ ሰውነቱን ማሞቅ አይችልም፤ እናቱና ወንድሞቹ ምድጃው ናቸው። ሲቀዘቅዝ የልቡ ምት ይዘገያል፣ ሆዱም ምግብ መፍጨቱን ያቆማል፤ ስለዚህ ሙቀት ከምግብም ከመድኃኒትም ይቀድማል። በአንድ ትንሽ ካርቶን ላይ የአየር ቀዳዳ እናብጅ፤ ውስጡንም ባረጀ ካናቴራ እናልብሰው፤ ክሩ የተቆላለፈ ፎጣ ግን የግልገሉን ጥፍር ስለሚይዝበት አይመረጥም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ ያለው ሰው በዝቅተኛው ልክ አብርቶ ከካርቶኑ ግማሽ ብቻ ሥር ያንጥፈው፤ ግማሹ ቀዝቀዝ ብሎ መቅረቱ ግልገሉ ሲሞቀው የሚሸሽበት እንዲያገኝ ነው። ማሞቂያ የሌለው ደግሞ ካልሲ ውስጥ ጥሬ ሩዝ ጨምሮ ያሙቅ፣ ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ይጠቅልለው። ሙቀቱን በእጅ አንጓችን ውስጠኛ ቆዳ እንፈትነው፤ ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። የቀዘቀዘ ጠርሙስ ደግሞ ከግልገሉ ገላ ሙቀት መልሶ ስለሚወስድ በየግማሽ ሰዓቱ መታየት አለበት። ከዚህ በኋላ ካርቶኑን ከድነን፣ ከልጆች ጫጫታና ከውሻ ርቆ በጨለማና በጸጥታ እንዲያርፍ እንተወው። የዱር እንስሳ በሰው እጅ መዳበስ አያጽናናውም፤ እየተያዘ ያለ ይመስለዋልና ያስጨንቀዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የእናቲቱ ነው። የሽኮኮ እናት በቅርንጫፍ ላይ ከቅጠል የሠራችው ወይም በግንድ ፍልፍል ያዘጋጀችው ከአንድ በላይ ጎጆ ሊኖራት ስለሚችል፣ አንዱ በነፋስ ቢፈርስ ወይም ዛፉ ቢቆረጥ፣ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ወደ ሌላው ታጓጉዛቸዋለች። የሰው እጅ የነካውን ልጇን ትጠላለች የሚባለው ተረት ነው፤ ጠረናችን ልጇን አያስጥላትም፣ አጠገቡ መቆማችን ግን ያርቃታል። ስለዚህ ግልገሉ ጤነኛ ከሆነና ከሞቀ በኋላ፣ ክዳን በሌለው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከማሞቂያው ጋር አድርገን፣ በወደቀበት ዛፍ ግንድ ላይ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገን በገመድ እንሰረው። በጨርቅም በቅጠልም አንሸፍነው፤ እናቱ ልታየውና ድምፁን ልትሰማው ይገባልና። ከዚያም ውሾችና ድመቶች ወደ ቤት ይግቡ፣ ልጆችም ይሰብሰቡ፣ እኛም ከመስኮት ሆነን እንጠብቅ። ጥበቃው ለብዙ ሰዓታት፣ ቀኑን ሙሉ እስኪባል ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ በየመካከሉ ማሞቂያውን አድሰን ፈጥነን መራቅ ነው። ይሁን እንጂ ሽኮኮ የቀን እንስሳ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አትመጣም፣ ጉጉትና ራኩን ግን ይመጣሉ። ስለዚህ እስኪመሽ ያልተወሰደ ግልገል ውጭ አያድር፤ ወደ ቤት አስገብተን እያሞቅን ወደ ባለሙያ እንደውል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ እኔንም የጣለኝ፣ የምግብ ነገር ነው። የተራበ እንግዳን ሳያበሉ ማሳደር በእኛ ባህል ነውር ስለሆነ ይህን ትእዛዝ መቀበል እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ባለሙያ ሳይነግረን ምንም አናብላው። ቀዝቅዞ ሳለ የዋጠው ምግብ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል። የላም ወተት ደግሞ ከሽኮኮ ወተት ጋር የማይመሳሰል፣ ስቡም ከዚያ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ግልገሉን በተቅማጥ አድክሞ ፈሳሽ ያሳጣዋል። ማር፣ ዳቦ፣ ለሕፃናት የተዘጋጀ የቆርቆሮ ወተትም አይሆኑም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በጉሮሮ ፈንታ ወደ ሳንባ የሚገባው ጠብታ ነው፤ በአፍንጫ ላይ የታየኝ ያ ነጭ አረፋ ምልክቱ ነበር፤ ትርጉሙንም ያኔ ባውቅ ኖሮ ማንኪያውን በዚያች ቅጽበት ባስቀመጥሁ፣ ራሷንም ዝቅ አድርጌ ፈሳሹ እንዲወጣ ባደረግሁ ነበር። እንዲህ ያለው ስሕተት የሳንባ ምች ያመጣል።

ባለሙያው ሩቅ ሆኖ ግልገሉን ማሳደር ግድ ቢሆንና በስልክ ቢፈቀድልን፣ ቆዳውን በትከሻዎቹ መካከል በቀስታ ቆንጠጥ አድርገን እንልቀቀው፤ ወዲያው ካልተመለሰና እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረ ፈሳሽ አንሶታል። በዚህ ጊዜ ተንከባካቢዎች የሚያዝዙት፣ በየፋርማሲው ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሸጠውን፣ ፔዲያላይት የሚባለውንና ጣዕም ያልተጨመረበትን ፈሳሽ ለብ አድርጎ፣ መርፌ በሌለው የአንድ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ግልገሉን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በጠብታ መስጠት ነው። ዓይኑ ያልተገለጠ ግልገል ራሱን ችሎ መሽናት እንደማይችልም እንወቅ፤ እናቱ በምላሷ እየላሰች ታሸናዋለች፣ ተንከባካቢዎቹም በለብታ ውሃ የረጠበ ጥጥ በቀስታ እያሻሹ ይህን የእናት ሥራ ይፈጽማሉ።

ለመሆኑ ባለሙያዎቹ እነማን ናቸው? በዋሽንግተን ከተማ የተጎዱና ወላጅ ያጡ የዱር እንስሳትን የሚቀበል ሲቲ ዋይልድላይፍ የሚባል ተቋም አለ፤ በቨርጂኒያም በ1982 የተመሠረተው የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት ማእከል ለአድማጮቻችን ምክር ይሰጣል። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ የዱር እንስሳትን አክሞ ማሳደግ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ግልገሉን አሳድጌ የቤት እንስሳ ላድርገው ማለት ከሕግም ጋር ያጋጫል፣ ለእርሱም አይበጀውም። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድግ፣ በመከር የኦክ ፍሬ እየቀበረ ለክረምት ስንቅ የሚያኖር፣ የረሳውም ፍሬ በቅሎ ዛፍ የሚሆንለት ፍጥረት፣ ሳሎን ውስጥ እስረኛ ነው። በእንግሊዝ አገር የምትሰሙን ወገኖቻችን ደግሞ፣ ግራጫው ሽኮኮ በዚያ በ1876 ከአሜሪካ ገብቶ የአገሩን ቀይ ሽኮኮ ያፈናቀለ በመሆኑ መልሶ መልቀቁ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ምንም ከማድረጋችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ለራሳችን ደኅንነት አንድ ነገር እንጨምር። ሽኮኮን የመሳሰሉ ትናንሽ የአይጥ ወገን እንስሳት የእብድ ውሻ በሽታ ይዟቸው መገኘታቸው እጅግ ብርቅ ነው፤ ሆኖም ጥርሱ ስለታም ስለሆነ፣ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይጠብ፣ ሐኪምም ያማክር፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ጊዜው ያለፈ እንዳይሆን ይጠይቅ።

እንግዲህ ቃላችንን በአጭሩ እንሰብስብ። ጉዳቱን መርምሩ፤ አሙቁ፤ እናቱን ጠብቁ፤ አታብሉ፤ ባለሙያ ጥሩ። ይህ ሁሉ ሲደመር እጅን ከመዘርጋት ይልቅ እጅን መሰብሰብ የሚበዛበት ርዳታ ነው፤ ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ፣ ኃይለኛ ነፋስ ካለፈበት ሌሊት ማግሥት፣ እማማ ዳግመኛ በሬን አንኳኩ፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ነበሩ፣ ግራጫ ፀጉር ጀምሯቸዋል፣ ዓይናቸው ግን ገና አልተገለጠም። ወተት አላሞቅሁም። ጉዳት እንደሌለባቸው አይቼ፣ በሩዝ ካልሲ አሙቄ፣ ሣጥኗን ከግንዱ ጋር አሰርሁና ከእማማ ጋር በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ምንም አልታየም። በረካው እንደ ተቀዳ ከላይ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ አንዲት ሽኮኮ ራሷን ወደ ታች አድርጋ በግንዱ ወረደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች፣ እንደ ገና ወረደች። ሣጥኗ ውስጥ ገብታ አንዱን ከሆዱ ላይ በአፏ ስትይዘው፣ ግልገሉ እግሩንና ጅራቱን በአንገቷ ዙሪያ እንደ ሻሽ ጠመጠመ፤ ይዛው ወጣች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ለሁለተኛው መጣች። ከወሰደችውም በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሳ ባዶውን ሣጥን በአፍንጫዋ ፈተሸች፤ የቀረ እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስላል።

እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኋላም ወደ ዛፉ እያዩ፣ «የመጋቢቷስ ልጄ? እናቷ ያን ቀን መጥታ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

አድማጮቻችን፣ መልስ አልነበረኝም። ደኅና እደሩ።